ሐይቅ ዳር የተቀመጠችው ሴት

«አለቀሰች?»

«ድምፅ አልሰማንም።»

«ነጠላዋስ?»

ይህን ሹክሹክታ ከአጥራችን ውጭ የሰማሁት በ1970 ዓ.ም. ነው። የቀረውን ንግግር ዘመን ወስዶብኛል። ብዙ አልተማርኩም፤ መስማት ግን አውቃለሁ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው... አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ቤታችን ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነበር። ነገሩ የሆነው ወንድሜ ሙሉአለም በተገደለ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

መንግሥት ስለገደለው ለእሱ ማልቀስ ተከልክሏል። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ብትገኝ ይወስዷታል።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ እሱ የሳለው ሥዕል አለ። አንዲት ሴት ሐይቅ ዳር፣ ሾላ ሥር፣ ጀርባዋን ወደኛ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ብቻዋን ምን ትሠራለች?» ስለው፣

«ሰው እየጠበቀች ነዋ!» ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ያን ቀን አቧራውን ልጠርግ ቀና አልኩ...

የሥዕሏ ሴት ነጠላ ጥለት ሁሌም ከታች ነበር።

አሁን አንገቷ ላይ ነው። እንደ ሐዘንተኛ።

ቀለሙን ነካሁት። ደረቅ ነው። አቧራው እንኳ አልተነካም።

«እማዬ... አንቺ ነሽ?»

«እኔ ብሩሽ መያዝ የት አውቄ?»

በሩ ተንኳኳ።

ገሰሰ ነው፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ ጠመንጃ አንግቶ። ከወንድሜ ጋር ኳስ ሲራገጥ ያደገ። ከአጥሩ ውጭ ከሰማኋቸው ድምፆች አንዱ የእሱ ነበር።

ሥዕሉን ሲያይ ደነገጠ።

«ይሄን ማን ቀየረው?»

«የሳለው ልጅ የት እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ» አለች እናቴ።

«እትዬ የሺ፣ ያውርዱት። ሁላችንንም ያስጨርሰናል።»

«አላወርድም።»

ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ቀስ ብላ ነጠላዋን ዘቀዘቀችው።

«እትዬ... ኧረ በማርያም...»

«ልጄ ነው! ውሰደኝ። ግን በዚህ ቤት እንጀራ በልተሃል። መጀመሪያ ቁጭ በልና እግዜር ያጽናሽ በለኝ።»

አውሮፕላን አለፈ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ገሰሰ ሥዕሉ ላይ አፍጥጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ዞር አልኩ።

ከሴትዮዋ ጎን፣ ሣሩ ላይ... አንድ ሰው ተቀምጧል። ጀርባው ወደኛ ነው። ጠመንጃው ሾላው ላይ ተደግፏል።

ገሰሰ ወደ እናቴ ዞረ።

ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«እሺ፣ እትዬ» አለና ከእናቴ ጎን ተቀመጠ።