ተዝካሩ የተበላ ድምፅ

ጡሩንባው መጀመሪያ ሳለ። ከዚያ እንደ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ።

የቡሬ ገበያም አብሮት ዝም አለ። በርበሬ የምትሰፍረው ሴት እጇን ቁናው ውስጥ እንደከተተች ቀረች። ክረምት ነው፤ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም፤ ከአንድ ጉልት ወዲያ ያለ ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለይም። ደስታነሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ወደ ላይ አንጋጠጠች። ጣልያን ገበያው መሐል ረጅም ግንድ ተክሎ፣ ጫፉ ላይ የቆርቆሮ ጡሩንባ ሰቅሏል። ጡሩንባው የሚናገረው በሴት ድምፅ ነው። ያውም ጥርት ባለ ጎጃምኛ።

«እሺ እንግዲህ» አለ ጡሩንባው። «እናቶች፣ እንደምን ከረማችሁ?»

ደስታነሽ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጠች።

«እሺ እንግዲህ» ሳትል ወሬ የማትጀምር አንዲት ሴት ነበረች፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያሾፈ «እናኑ እሺ እንግዲህ» ይላት ነበር። እናኑ የደስታነሽ እናት ናት። ችግሩ፣ እናኑ ሞታለች። አምና በፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል፣ ከእሷ የተገኘው ደም የነካው ነጠላዋ ብቻ ነበር። ነጠላውን አልጋ ላይ ዘርግተው አለቀሱ። ደስታነሽ ፀጉሯን ተላጨች። በአርባው ተዝካሯ ተበላ። ተዝካሩ የተበላ ሰው ደግሞ አይመለስም፤ ከተመለሰም ሰው አይደለም። አገሩ የሚያውቀው ይኸንን ነው።

ለዚህም ነው ገበያተኛው «አበስኩ ገበርኩ! ጣልያን የሙታንን ነፍስ ቆርቆሮ ውስጥ አስሮ ያናግራል» እያለ የሚያማትበው።

አጎቷ ክንዱ ግን በዚህ አላመነም። ክንዱ የእናኑ ወንድም ነው፤ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ከገባ ቆይቷል። ትናንት ደስታነሽ እንጨት ስትለቅም ድንገት ከቁጥቋጦው ብቅ ብሎ እንዲህ አላት፦

«ሰዉ የእናኑ ድምፅ ነው ይላል። አንቺ ልጇ ነሽ፤ የእናትሽን ድምፅ አትስቺውም። እኔ ከተማ መግባት አልችልም፤ ሄደሽ ስሚልኝ። የማናውቃት ሴት ከሆነች እዳዋ የራሷ ነው፤ እኛ ጥይታችንን በሴት ላይ አናባክንም። የኔ እህት ከሆነች ግን፣ የቤቴን ነውር የማጠፋው እኔው ነኝ።»

የሚያጠፋው በምን እንደሆነ ለመናገር ጠመንጃውን መዳበስ እንኳ አላስፈለገውም።

ጡሩንባው ቀጠለ። «የልጅ ዓይን ሲያዝ ዝንብ አታስበሉት፤ አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት ውሃ እጠቡት።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። እንጨት ቢናገር እንዲያ ነው የሚናገረው። «ባሎቻችሁንና ወንድሞቻችሁን ከጫካ ጥሯቸው። ለሚገባ ሁሉ ምሕረት ተደርጓል።» አንዲት አሮጊት ምራቃቸውን እንትፍ አሉ።

«እሺ እንግዲህ» አለ ድምፁ፣ ነፍስ ዘርቶ። «የቀረው የራሴ ነው። ሁላችሁም የእገሌ እናት፣ የእገሌ ሚስት ናችሁ። ለራስሽስ? ለራስሽ ምን ተመኝተሽ ነበር? ለማንም አትንገሪ። ግን ትንሿን ዛሬውኑ ጀምሪያት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው የሚያውቅ የለማ! የነፍስ አባት እንኳ የሚጠይቀው ኃጢአትን ነው እንጂ ምኞትን አይደለም። ያም ጥያቄ ከቆርቆሮ ወጥቶ፣ በጉም ውስጥ አልፎ፣ አንድ በአንድ በየሴቱ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ይመስል ነበር። 

«ሰማሽ?» አሉ ከጎኗ እትዬ ሐዋ። ጥጥ ነጋዴ ናቸው፤ የእናቷ የገበያ ወዳጅ ነበሩ።

«እትዬ፣ እርስዎም አወቋት?»

«እኔ ማንንም አላወቅሁም!» አሉ ፈጠን ብለው፤ ግራ ቀኙንም ቃኙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የማውቀው ይኸ ድምፅ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለኝ ነው። ሟቹ ባሌ ሸማኔ አልነበር? የሽመና ዕቃው እንደተተከለ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ሴት ሸማ አትሠራም ይሉናል። የፈተልኩት እኔ፣ ድሩን ያደራሁት እኔ! እና ባለፈው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ወላሂ፣ በሬን ዘግቼ! ግን ሠራሁ። ክንድ የማይሞላ፣ ጠማማ ሸማ።» ሳቅ አሉ። «ጠማማ ነው፤ የኔ ነው ግን።»

ደስታነሽ አልሳቀችም። ከግንዱ ላይ አንድ ጥቁር ሽቦ ወርዶ ከጉሙ ውስጥ ይገባል። ዓይኗን ከእሱ መንቀል አቃታት። ነፍስ ከሆነች በሽቦ ምን ትሠራለች? ተነሥታ ሽቦውን ተከተለች።

ሽቦው በጉልቱ ላይ አለፈ፤ በአህያ ማሰሪያው አለፈ፤ በመጨረሻም አንድ የቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ውስጥ ሰጠመ። ከቤቱ ጀርባ ሞተር ያጓራል። ለጣልያን ያደረ አንድ አስካሪ ወታደር በረንዳው ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ያንቀላፋል። ደስታነሽ በጎን ዞራ በመስኮቱ መስተዋት አጮለቀች።

እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ከስታለች። ግራ እጅጌዋ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከፊቷ አንድ የብረት ነገር ቆሟል፤ አፏ ወደ እሱ ይንቀሳቀሳል። ድምፁ ግን ከአፏ አይመጣም። ከደስታነሽ ጀርባ፣ ከገበያው፣ ከጉሙ መሐል ነው የሚመጣው። ከንፈሯ እዚህ፣ ቃሏ እዚያ። ደስታነሽ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደገፈች።

ከዚያ በሩን አየች። ገርበብ ብሏል። ሰንሰለት የለም፤ ቁልፍ የለም። ፍርሃቷ በአንድ ጊዜ ንዴት ሆነ። በሩ ክፍት ነው እኮ! እኔ ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ማቅ ለብሼ ሳለቅስ፣ አንቺ ዘንድ በሩ ክፍት ነበር?

እናኑ ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

የእናኑ አፍ ቆመ። ከኋላም ጡሩንባው ቆመ። የሚሰማው የሞተሩ ማጓራት ብቻ ሆነ። እናኑ ከወንበሯ ልትነሣ ከጅላ ነበር፤ መልሳ ተቀመጠች። ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳትነቅል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ቃሉም ከጉሙ ውስጥ መጣ።

«እሺ እንግዲህ። አንዲት ሴት ነበረች። ሞተች ተብላ ተለቀሰላት። ነቅታ ስታይ ቁስሏን ያሰረላት ጠላቷ ነው። እንጀራውን አብልቶ፣ አፍሽን አውሺኝ አላት። አዋሰችው። አሁን ወደ ቤቷ ብትመለስ ባንዳ ተብላ ትሞታለች፤ ቤቷም ይዋረዳል። ስለዚህ ያሏትን ትናገራለች፤ ከዚያ ደግሞ የራሷን ትናገራለች። ደግ ትሥራ ክፉ ትሥራ፣ እሷም አልለየላትም። ልጅ አላት። ልጇ የመሰላትን ትፍረድ። እናቷ አትቀየማትም።»

ገበያተኛው ተረት መሰለው። ደስታነሽ ግን ወደ ኋላዋ ሳታይ ሮጠች።

ከከተማው ወጥታ ወንዙ ዘንድ ስትደርስ ጉሙ ውስጥ አንድ ጥላ ቆሞ ነበር። ክንዱ ነው። ጺሙ በጤዛ ረጥቧል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ አያ።»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ታናሼ ናት። አዝያት ነው ያደገችው፤ ወንዝ ያሻገርኳት በዚህ ጀርባ ነው።» ቀና ብሎ አያት። «እሷ ናት?»

ደስታነሽ መሬቱን አየች። አዎ ካለች፣ እናቷ ዳግመኛ ትሞታለች፤ ገዳይዋም ይኸ በጀርባው ያዘላት ሰው ይሆናል። አይደለም ካለች፣ እናቷ ለዘላለም ሞታ ትቀራለች። ከእንግዲህ «እምዬ» ብላ አትጠራትም፤ ማቁንም አታወልቅም። ያ ጡሩንባም በየገበያው «ከጫካ ጥሯቸው» ማለቱን ይቀጥላል፤ አጎቷ ደግሞ ለአገሩ ሲል ጥሬ እየቆረጠመ ያድራል። ንዴቷ አልበረደም። ያ ክፍት በር ከዓይኗ አልጠፋም። ፍረጂ ተባለች፤ ማን ይኸን በልጅ ላይ ይጭናል?

«አይደለችም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የጠላት አፍ ናት። እኛን አታውቀንም፣ እኛም አናውቃትም።»

ክንዱ ቀረብ አለ። «ማይልኝ።»

«በምን ልማልልዎ፣ አያ?»

«በእናትሽ አጥንት።»

በዚያ አገር ከዚህ የሚብስ መሐላ የለም። በሐሰት የማለበትን ሰው አጥንቱ ከመቃብር ተነሥቶ ጎኑን ይወጋዋል ይባላል። ደስታነሽ ጎኗን በእጇ ያዘች። አስፈራት፤ በእውነት አስፈራት።

«የእናቴ አጥንት ይውጋኝ» አለች። «እሷ አይደለችም።»

 የክንዱ ትከሻ ወረደ፤ ጠመንጃውን ከዛፍ ግንድ ጋር አስደግፎ በእጀ ጠባቡ ጫፍ ፊቱን ጠረገ። አማተበ።

«እንግዲያማ፣ የእህቴን ነፍስ ይማር።»

ከጉሙ ወዲያ፣ ከከተማው በኩል፣ ድምፁ እንደገና ጀመረ። ቃሉ አይለይም፤ የሴት ድምፅ መሆኑ ብቻ ይሰማል፤ ቀጭን፣ የሩቅ። ክንዱ ጆሮውን ወደዚያ አዘነበለ።

«አሜን!» አለች ደስታነሽ፣ ድምፁን እንዲሸፍንላት ጮክ ብላ።