የጠፋችው ዳክዬ

ሴቷ ዳክዬ ጠፋች።

ወንዱ በቦታው አለ፤ ከዛጎል ተቆርጦ ለአንዲት ሙሽራ በተሠራ ባለመሳቢያ ሣጥን ፊት ላይ ተለብጧል። አጠገቡ ግን በሴቷ ቅርጽ ልክ የተፈለፈለ ባዶ ቦታ ብቻ ይታያል። ገና ስላልተጣበቀች በታችኛው መሳቢያ ውስጥ በሐር ጨርቅ ተጠቅልላ ነበር። ጨርቁ አለ። እሷ የለችም።

የሙሽራዋ ቤተሰብ ሣጥኑን የሚወስደው በማግስቱ ነው። በካሞ ከተማ ደግሞ ጥንድ ዳክዬ የትዳር ምልክት ነው፤ ብቸኛ ዳክዬ ይዛ ባል ቤት የምትገባ ሙሽራ የለችም።

ሳጅን ኩራሞቺ በረዶውን አራግፎ፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ሣጥን ሠሪው ቤት ገባ። ከሳዶ ደሴት ተዛውሮ ከመጣ ብዙም አልቆየም። ሣጥን ሠሪው ሽማግሌ ኢዋፉኔ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። የሟች ልጃቸው ሚስት ማትሱኤ በሩ ጋ ተንበርክካለች። ዳክዬዎቹን የቆረጠችው እሷ ናት።

“ትናንት ማን መጣ?” ሲል ሳጅኑ ጠየቀ።

“ሱጊኖ የሚባል የቶኪዮ ነጋዴ፤” አለች። “ዳክዬዎቹን አይቶ ዓይኑን መንቀል አቃተው።”

ሱጊኖን ባቡር ጣቢያ ያዙት። ሻንጣው ተበረበረ። ከደረቀ ዓሣና ካልታጠበ ካልሲ በቀር ምንም የለም።

“ካልሲዬንም ውሰዱት!” ብሎ ጮኸ።

ኩራሞቺ ሲመለስ ሽማግሌው ቀደሙት።

“የደሴት ሰው፣ ሌባውን ሩቅ አትፈልግ። ዛሬ ጠዋት ስገባ ይቺ ሴት ሣጥኑ ፊት ቆማለች። የታችኛው መሳቢያ ተከፍቷል።”

የማትሱኤ ፊት አመድ መሰለ። “የዘጋሁት እኮ የላይኛውን ነው! የታችኛው በራሱ ወጣ። አባባ፣ እርስዎ ያውቃሉ!”

“በራሱ? እግር አለው?” ሽማግሌው ሳቁ። “ዕድሜ ልኬን ሣጥን ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መሳቢያ አላየሁም።”

ሳጅኑ ወደ እሷ ዞረ። “በጸደይ ወደ ታካኦካ ከተማ ትሄጃለሽ ሲሉ ሰማሁ።”

“የዛጎል ባለሙያዎች ተቀብለውኝ ነበር። ሌባ ከተባልኩ ግን ደጃቸውን አያስረግጡኝም።”

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ። ኩራሞቺ ያንን አየ። ብዙ የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ዝምታም ቃል እንደሚሰጥ ያውቃል።

“ሚስቴ የካሞ ልጅ ናት፤” አለ እጁን እሳቱ ላይ እያሞቀ። “ከገበያ የተገዛ ሣጥን አላት። አንዱን መሳቢያ ስዘጋው ሌላው ወጥቶ እጅ ይነሣኛል። በጥብቅ ስለተገጠመ ነው፣ አየሩ መውጫ ያጣል ይላሉ። የእርስዎ እንዲያ ካላደረገ... ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው።”

“ምን አልክ?”

“የሚስቴ ይሻላል ማለቴ ነው።”

“አፍህን ያዝ!” ሽማግሌው ብድግ አሉ። “ከእኔ እጅ አየር የሚያሾልክ መሳቢያ ወጥቶ አያውቅም! ይኸው! እይ!”

የላይኛውን ስበው ገፉት። የታችኛው እፎይ እንደሚል ሰው ተንፍሶ ወጣ።

እጃቸው እዚያው ደርቆ ቀረ።

“እንግዲህ እውነቷን እንደነበር ከጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤” አለ ሳጅኑ በቀስታ። “እያወቁ ለምን ዋሹ?”

ሽማግሌው ሙታን ወደሚታሰቡበት የቤቱ መሠዊያ ሄዱ፤ የልጃቸው ስም ከተጻፈበት ጣውላ ጀርባ ዳክዬዋን አወጡ። በእጃቸው ላይ አብለጨለጨች።

“ልጄን ቀበርኩ። እሷም ከሄደች ይህ ቤት ምን ይሆናል? ስሟ ትንሽ ቢጎድፍ የሚወስዳት አይኖርም ብዬ...”

“ብታሰርስ፣ አባባ?”

“እለምንልሽ ነበር።”

“እኔም ውለታዎን ተሸክሜ እቀር ነበር።”

ኩራሞቺ ክስ ትመሠርት እንደሆነ ጠየቃት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሙጫውን አሙቃ ዳክዬዋን ከወንዱ ዳክዬ አጠገብ አስገባቻት፤ እስክትይዝም በአውራ ጣቷ ተጫነቻት። ሽማግሌው ቆመው አዩ።

“ጸደይ ሲገባ እሄዳለሁ፤” አለች ቀና ሳትል።

“የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት በዓልስ? ለልጄ ስትይ እንኳ አትመጪም?”

ማትሱኤ አውራ ጣቷን አነሣች። ዳክዬዋ አልተንቀሳቀሰችም።

“በሩን ካልዘጉብኝ እመጣለሁ።”