ከብራስልስ የምትመጣው እርግብ

አሎይዚ ኮዊክ እሁድ ማታ በእርግብ ቤቱ ወለል ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ተመትቷል። ፖሊስ ልጁን ሩፊንን ወዲያው አሰረ፤ ቅዳሜ አባትና ልጅ ሲጯጯሁ የካቶቪሴ የከሰል ቆፋሪዎች ሰፈር በሙሉ ሰምቷላ።

ሰኞ ጠዋት መርማሪ ቦጉሚላ ሌስ ስትደርስ፣ የሟች ሚስት ገርትሩዳ መቁጠሪያዋን እንደ ጅራፍ ጨብጣ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ባሌን ገደሉት። አሁን ልጄን እናንተ ልትገድሉልኝ ነው?»

«ትናንት ምን ሆነ፣ እማማ?»

«የውድድሩ እርግቦች ጎህ ሲቀድ ብራስልስ ላይ ተለቀቁ። መንገዱ ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው። አሎይዚ ምሳ ላይ የጭስ ማውጫዎቹ ጭስ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ‹ንፋሱ ፊት ለፊታቸው ነው፤ መንገድ ያድራሉ› አለ። ከዚያ በአጥሩ ወደ ጎረቤታችን ወደ ጊንተር እርግብ ቤት አየና ፊቱ ልውጥ አለ። ሾርባውን ጥሎ ወጣ።»

ግድግዳው ሥር በቅርጫት የተቀመጠ እርጥብ አንሶላ ነበር።

«ለምን ገመድ ላይ አላሰጡትም?»

«የአስከሬኑ መሸፈኛ ነው። እርግብ እየተጠበቀ ነጭ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል? ነጭ ነገር ሲውለበለብ ካዩ ፈርተው አያርፉም።»

ጎረቤቱ ጊንተር ፒዬላ እየሳቀ ተቀበላት። የእርግብ አርቢዎች ማኅበር ወደ ብራስልስ የሚልካቸውን ቅርጫቶች መኪና ላይ የሚጭነው እሱ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ከግቢዬ አልወጣሁም፤ ሰማይ ሰማይ ሳይ ነው የዋልኩት። ማታ እርግቤ ከተፍ አለች። አንደኛ!»

«በፊት ለፊት ንፋስ?»

«ጀግና ናታ! አንቺ ደግሞ ስለ እርግብ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ለዚህ ነው የምጠይቀው።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር ቫልድማር ግን ተነጫነጨ። «ማታ የጊንተር እርግብ መድረሷን ላረጋግጥ ግቢው ስገባ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ነጭ ሸሚዝ ፊቴን መታኝ። በእሁድ ቀን አጥቦ!»

ከቀትር በኋላ ሁሉም በገርትሩዳ ግቢ ተሰበሰቡ፤ ሩፊንም እጁ በካቴና ታስሮ። ቦጉሚላ የጊንተርን ነጭ ሸሚዝ አምጥታ ገመዱ ላይ ሰጣችው።

«ምን ነካሽ!» አለች ገርትሩዳ።

«ለጥቂት ጊዜ ነው፣ እማማ። ጊንተር ትናንት እርግብ እየጠበቁ ነጭ ሸሚዝ አሰጡ። ለምን? ከሰማይ የሚመጣ እንደሌለ ስለሚያውቁ ነው። እርግባቸውን ሲጭኑ ደብቀው አስቀርተዋታል። አሎይዚ በአጥሩ አያት። ብራስልስ መሆን የነበረባትን! ሊያጋልጥዎት ሲል መቱት፤ ሸሚዝዎን አጠቡ፤ ማታ ደግሞ እርግቧን ‹ደረሰች› አሉ። እጅጌው ላይ ደሙ ዛሬም አልለቀቀም።»

«የዶሮ ደም ነው! ሸሚዝ መስጣት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?»

ያኔ ከምዕራብ አንዲት ግራጫ እርግብ ብቅ አለች። የአሎይዚ ናት። ጣራው ላይ ልታርፍ ወረደችና፣ ሸሚዙ ሲውለበለብ ደንግጣ ተመለሰች። ዞረች። ደግማ ዞረች። ክንፏ ዝሏል።

«አውርጅው!» ብሎ ጮኸ ጊንተር። «ሸሚዙን አውርጅው፣ አታርፍም እኮ!»

ቦጉሚላ ወደ እሱ ዞረች።

«ትናንትስ ለምን አላወረዱትም?» አለች ቦጉሚላ።

ጊንተር ወደ በሩ አፈገፈገ። ገርትሩዳ ሸሚዙን ከገመዱ መንጭቃ ደረቱ ላይ ወረወረችው። «ለዋንጫ! ለአንድ ቆርቆሮ ባሌን!»

ካቴናው ከሩፊን እጅ ወጥቶ ለጊንተር ገባ። እርግቧ አረፈች። ሩፊን ደረቷን ዳሰሰ፤ አጥንት ብቻ ሆናለች። እንባውን በክንዱ ጠርጎ ወደ ቅርጫቱ ሄደና አንሶላውን ገመዱ ላይ ሊያሰጣው አነሳ።

«ተው፣ ልጄ፣» አለች እናቱ። «የጎረቤቶቻችን እርግቦች ገና አልገቡም።»