የማስተሩ ፎቶ

ስንዱ ለሙከራ የልጇን ፎቶ ለጠፈች። ምን አለበት? የደንበኛ ፎቶ እስኪመጣ የገዛ ልጁን የማይለጥፍ ዲዛይነር ደሴ ውስጥ የታለ!

አዲስ የተከፈተው የግል ክሊኒክ ባጁን፣ የደብዳቤ ወረቀቱን፣ በየግድግዳው የሚሰቀለውን ሁሉ አንድ መልክ እንድታስይዝለት ቀጥሯት ነበር። ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ አልኮልና የሞቀ ፕላስቲክ በሚሸትባት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የላሚኔት ማሽኑ ጎኗ እያጉረመረመ፣ በፓወርፖይንት ማስተሩን ሠራች፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው ሁሉ የሚከተለውን መነሻ ገጽ ማለት ነው። መሃሉ ላይ የስድስት ዓመት ልጇን ሶስናን አስቀመጠች፤ አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጋ፣ በወለቀው ጥርሷ ቀዳዳ ምላሷን ብቅ አድርጋ ስትስቅ። የሠራተኞቹንም ፎቶ በእሷ ልክ፣ ዓይን ከዓይን ትከሻ ከትከሻ እያስተካከለች ደረደረችው።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ይመር ከኋላዋ ቆመው አዩ።

«ግሩም ነው። የገንዘብ ያዧ ጉንጭ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ግን ከሌሎቹ ለያት። አጥፊው።»

ማርያም የሳመችውን ሰው ያጠፋዋል እንዴ? ስንዱ በሆዷ አጉረመረመች። የታዘዘ ምን ያደርጋል፤ በፎቶሾፕ ጠረገችው።

በማግስቱ የገንዘብ ያዧ የሙሉዓለም ጉንጭ እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር።

«ሙሌ፣ ማርያም የሳመችሽ የት ሄደ?»

«የምን ማርያም? እኔ ፊቴ ላይ ምንም ኖሮኝ አያውቅም!» አለችና አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋም መጨረሻው ላይ እንደ ስቅታ ተቆረጠ።

ስንዱ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እንዲህ የምትስቅ ሶስና ብቻ ነበረች። ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ በር ሲከፍቱላት ደግሞ እኒያ የተከበሩ ሽማግሌ በጥርሳቸው መሃል ምላሳቸውን ብቅ አድርገው ፈገግ አሉላት። ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሲጋርደው፣ መብራቱም ጠፍቶ ኮሪደሩ ሲጨልም፣ ከመርፌ ክፍሉ፣ ከላቦራቶሪው፣ ከዶክተሩ ቢሮ ሳይቀር ያው በስቅታ የሚቆረጥ የሕፃን ሳቅ እየተቀባበለ መጣ። ስንዱ ጆሮዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሶስና አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እናቷ ኮረኮረቻት፤ አልሳቀችም። ጠጉሯን ስታሸታት የልጅ ሽታዋ የለም፤ የሞቀ ፕላስቲክ ሸተታት።

«አብሽሪ፣ ጉንፋን ነው» አለ ባሏ አለባቸው።

ጉንፋን! ስንዱ ገብቷታል። ልጇን እየተካፈሏት ነው፤ ዛሬ ሳቋን ወሰዱ፣ ነገ ምኗን ሊያስቀሩላት ነው?

ጎህ ሲቀድ ቢሮዋ ገብታ ማስተሩን ከፈተች። የሶስና ፎቶ ውሃ እንደነካው ወረቀት ገርጥቷል። «ልጄን ከመሃላቸው ላውጣት» አለች ጮክ ብላ። ያኔ ከጀርባዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ዞር ስትል ሠራተኞቹ በሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ረጅሙም አጭሩም ዓይኑ በአንድ መስመር ላይ ሆኖ፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ቀኝ ሰብሮ። ማናቸውም አይተነፍሱም። ፎቶውን አጠፋችው፤ ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያም አጸዳችው።

አንገታቸው በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን አሹና «ምን ልንሠራ መጣን እዚህ?» አሉ፤ ሁሉም ወደየሥራቸው ተበተኑ።

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ስንዱ አለቀሰች። ወደ ቤት ስትበር ከመንገድ ዳር ሶስና የምትወደውን ቦምቦሊኖ፣ ትኩሱን፣ ስኳር የተነሰነሰበትን ገዛች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ትንሿ አልጋ በነበረችበት ጥግ ላይ የከሰል ጆንያ ቆሟል።

«ልጄስ?»

አለባቸው ጫማውን ማሰሩን ትቶ በሐዘኔታ አያት። «ስንድዬ፣ የምን ልጅ?»

ስንዱ ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ከዚያም በእጇ የያዘችውን ትኩስ ቦምቦሊኖ አየችና ለማን እንደገዛችው ጠፋት።