«ሞጣ ሄዳለች»

ሬሳው በቅጽሩ በር ሲገባ የክርስትናው እልልታ ገና አላባራም ነበር።

የሺእመቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ከእናቷ ጎን ቆማለች። በሌላው ጎኗ ነርስ ባንቺዓለም ነጭ ለብሳ፣ አሁን የተጠመቀችውን የየሺእመቤትን ትንሽ እኅት ታቅፋለች። ሕፃኗ ወለተ ሐና ተብላለች፤ ባንቺዓለም ደግሞ የክርስትና እናቷ ሆናለች። የሺእመቤት ነርሷን እንደዚያ ስትስቅ አይታት አታውቅም። ከዚያ የለቅሶው ድምፅ ቀረበና እልልታውን ዋጠው።

ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ባላገሮች በአጠገባቸው ሲያልፉ፣ ራሱን ይዞ ከኋላ የሚያለቅስ አንድ ረጅም ሰው ድንገት ቆመ። የሺእመቤት ወዲያው አወቀችው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ያነጋገረችው ደምለው ነው።

«አንቺ!» አለ ደምለው፣ ጣቱን ባንቺዓለም ላይ ቀስሮ። «ሞጣ ናት አላሉኝም? ሞጣ ናት ተብዬ አይደለም ወይ የተመለስኩት?»

ባንቺዓለም ግራ ገባት። «ማን አለህ? እኔ ሞጣ አልሄድኩም።»

«አልሄድሽማ! ይኸው እዚህ ነጭ ለብሰሽ! የእኔዋ ደሟ ፈስሶ ስታልቅ፣ አንቺ ይቺን ልጅ ሞጣ ሄዳለች በይ ብለሽ ከቤትሽ ተኝተሻል!»

ወንድሙ ክንዱን ይዞ ወደ ቃሬዛው ጎተተው። የክርስትናውም የለቅሶውም ሰው ወደ ነርሷ ዞረ። ባንቺዓለም ሕፃኗን ለእናቷ አቀበለችና ቀስ ብላ የሺእመቤትን አየቻት። ሁሉም ነገር ያን ጊዜ እንደገባት የሺእመቤት አወቀች።

ባንቺዓለም የደሴ ልጅ ናት። ጎንደር ተምራ ቢቸና ስትመደብ «ሁለተኛዋ አዋላጅ በቅርቡ ትከተልሻለች» ተብላ ነበር። ያቺ ሁለተኛ አዋላጅ እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ናት። እስክትደርስ ድረስ ምጥ የጠናባት የከተማም የባላገርም ሴት የምትጠራው ባንቺዓለምን ብቻ ነው፤ በጤና ጣቢያው ያለው ቁስል አካሚ ድሬሰር ወንድ ነውና ማንም ባል ወደ ጓዳው አያስገባውም። ባንቺዓለም የምትኖረው በየሺእመቤት አባት በመሪጌታ ወልደ ኪዳን ግቢ ውስጥ፣ በኪራይ በያዘቻት አንዲት ክፍል ነው። የሺእመቤት ጧት ጧት ውሃ ስታስገባላት ብዙ ጊዜ የምታገኛት ጫማዋን እንዳጠለቀች አልጋው ላይ ተጋድማ ነው።

«ያውልቁት እንጂ እትዬ» ስትላት፣

«ማውለቁ ምን ያደርጋል? ደግሞ ሊጠሩኝ» ትላለች።

ድካሙ ሳያንስ ሌላም ነገር አለባት። በአገሩ ሥርዓት አራስ ቤት የገባ ሰው ሳይነጻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ለሌላው ሰው ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ለእሷ ግን እንጀራዋ ነው። ካንዱ ሳትነጻ ሌላው ይደርስባታል። ስለዚህ ቢቸና ከመጣች ጀምሮ እሑድ እሑድ የምታስቀድሰው ከቅጽሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆማ ነው። ይህ ነገር የሺእመቤትን ያንገበግባታል። የከተማውን ሕፃን ሁሉ ለክርስትና ያበቃች ሴት እሷ ከበር ውጭ! ስለዚህ ወለተ ሐና በጭንቅ ተወልዳ እናቷ «የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፣ ሌላ አልፈልግም» ባለች ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ የፈነደቀችው የሺእመቤት ነበረች።

በክርስትናው ዋዜማ ቅዳሜ ጧት የንስሐ አባቷ መጥተው ባንቺዓለምን ጠበል ረጯት። «እንግዲህ እስከ ነገ ቅዳሴ አራስ ቤት እንዳትገቢ» አሏት።

«እሱን ለነፍሰ ጡሮቹ ይንገሩልኝ አባቴ» ብላ ሳቀች። ሌሊቱን ስታዋልድ አድራ ነበርና ከዚያ በኋላ ገብታ ተኛች።

ከሰዓት በኋላ የሺእመቤት ግቢው በር አጠገብ ለነገው የሚሆነውን ነጠላ በእንዶድ ታጥባለች። ደምለው የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ከሩቅ እንደመጣ ያስታውቃል።

«ነርሷ እዚህ ናት አሉኝ። አለች?»

«ምነው?»

«ሚስቴ ጧት ተገላግላለች። ልጁ ደህና ነው፤ የእንግዴ ልጁ አልወጣ አለ እንጂ። አማቴ የመንግሥቷን ሴት ጥራት አለችኝ።»

የሺእመቤት ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ተገላግላለች» የሚለውን ብቻ ነው። ሴቶች ሲያወሩ እንደሰማችው የእንግዴ ልጅ ይዋል ይደር እንጂ መውጣቱ አይቀርም። ልጁ ከተወለደ ምን ቀረ? በገርበብ ባለው በር ወደ ባንቺዓለም ክፍል አየች። ነርሷ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ጫማዋን አውልቃ ከአልጋው ሥር አስቀምጣዋለች። ብትቀሰቅሳት እንደምትነሣ፣ ከተነሣች እንደምትሄድ፣ ከሄደች ደግሞ ነገ ከወይራው ሥር እንደምትቆም የሺእመቤት ታውቃለች።

«ሞጣ ሄዳለች» አለችው።

«መቼ ትመጣለች?»

«እንጃ… ሰኞ ሳይሆን አይቀርም።»

ደምለው አልተጠራጠረም። የመሪጌታ ልጅ፣ ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ልጅ ትዋሻለች ብሎ ማን ያስባል! «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ» አላትና በመጣበት መንገድ ሮጠ። በኋላ እንቅልፍ የነሣቻት ይቺ ምስጋና ናት።

ከቀብሩ በኋላ የክርስትናው ድግስ ድግስ አልሆነም። ሰው ቀማምሶ ቶሎ ቶሎ ተነሣ። የሺእመቤት ወደ ባንቺዓለም ክፍል ስትገባ ነርሷ ነጩን ቀሚስ አውልቃ የሥራ ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች።

«ምን ነበር ያለሽ? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ» አለቻት።

የሺእመቤት ነገረቻት። «የእንግዴ ልጅ» ያለችው ላይ ስትደርስ ባንቺዓለም ዓይኗን ጨፈነች።

«በእጄ የማወጣው ነገር እኮ ነው» አለች። «በእጄ! በተጠራሁ ቁጥር የማደርገው። ትንሽ መርፌ፣ ትንሽ ጊዜ… ቅዳሜን አታልፍም ነበር ብለሽ ነው? ዛሬ ልጇን ታጠባ ነበር።»

«እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ…»

«ማን እዘኚልኝ አለሽ?» ባንቺዓለም ጮኸች። ጮኻባት አታውቅም። «ደክሞኛል፤ አዎ። መሮኛል። ብቻዬን ነኝ፣ ሰው ስጡኝ ብዬ ያልጮህኩበት ቢሮ የለም። ግን አንድ ቀን ቀስቅሰሽኝ እንቢ ብዬ ታውቂያለሽ? ምርጫው የእኔ ነበር፣ የሺ። ከእጄ ነጠቅሽኝ።»

የሺእመቤት ማልቀስ ጀመረች። ባንቺዓለም እንደወትሮዋ አላባበለቻትም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው የሚለውን ሰምተሻል። እኔ አፌን ሞልቼ ልጅ ላይ አላላክክም። መናገሩን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የሺእመቤት ማታውኑ ለአባቷ ነገረች። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ተማሪዎቻቸውን በሐሰት ነገር የማይምሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሊቆጧት፣ ምናልባትም እጇን ይዘው ወደ ደምለው ሊወስዷት እንደሚችሉ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁት ሌላ ነው።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም።»

«እንግዲያው አፍሽን ሰብስቢ። ሰው ነርሷ አዝዛት ነው ይላል፤ እንዲሁ ይቅር።»

«አባዬ፣ እትዬ ባንቺዓለምስ?»

«እሷ የመንግሥት ሰው ናት። ዛሬ ባይሆን ነገ ተዛውራ ትሄዳለች። እኛ የት እንሄዳለን? የነዚያ ሰዎች መሬት ከወንድምሽ እርሻ ጋር ይዋሰናል። ይህ ደም ነው፣ ልጄ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።» ከዚያ ዳዊታቸውን ገለጡ፤ ገጹን ግን ሳያዞሩ ብዙ ቆዩ።

የሺእመቤት አባቷን አልጠላቻቸውም። እውነታቸውን እንደሆነ ታውቃለች፤ እሱ ነው የከበዳት።

በዚያ ሳምንት ወሬው ከገበያ ገበያ ዞረ። ሲዞር ደግሞ እየወፈረ ሄደ። ረቡዕ ላይ ባንቺዓለም የድግስ ጠላ ስትጠጣ ነበር ተባለ፤ ዐርብ ላይ ደግሞ ደምለውን በር ላይ ስድብ ሰድባው መለሰችው ሆነ። ትምህርት ቤት ውስጥ የክፍል ጓደኛዋ ውበቴ ጠጋ ብላ፣ «ስሚ እንጂ፣ በአንቺ አስዋሽታ ነው አሉ! እንዴት ያለች ጉድ ናት ባክሽ!» አለቻት።

የሺእመቤት «አይ…» ብላ ጀመረችና ደወል ተደወለ። ደወሉ ባይደወልም እንደማትጨርሰው ግን ታውቃለች።

የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ባዶውን ሰነበተ። ባንቺዓለም መቀሶቿን ቀቅላ፣ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች፤ የሚመጣ የለም። የጎረቤታቸው ስሜነሽ ወሯ ገብቶ እግሯ አብጧል። የየሺእመቤት እናት «ኧረ ለነርሷ ታዪ» ስትላት የሺእመቤት ሰምታለች።

«ለእሷ?» አለች ስሜነሽ። «ለክርስትና ብላ ሰው እንዲሞት ከምትተው ሴት እጅ ከምገባ እቤቴ ብሞት ይሻለኛል።»

ባንቺዓለም የዚያን ጊዜ ከክፍሏ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች። ገብታ በሩን ዘጋችው። ማታ የሺእመቤት ውሃ ስታስገባላት ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቷል።

«ሊሄዱ ነው?»

«ዝውውር ጠይቄያለሁ። ከሞጣ የሚመጣ መኪና ሲገኝ በእሱ ወደ ደጀን እወርዳለሁ» አለች። ከዚያ በምሬት ፈገግ ብላ፣ «አየሽ፣ ሞጣ ለእኔ አልሆነችኝም» አለች።

በማግሥቱ እሑድ የደምለው ሚስት የፈንታነሽ ሰባት ነበር። ከፍትሐቱ በኋላ ዘመድ አዝማዱ ከደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ተቀምጦ ንፍሮ ይታደላል። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከካህናቱ ጋር ተቀምጠዋል። ስሜነሽም በግድግዳው ጥላ ሥር ሆዷን ደግፋ አለች።

የሺእመቤት በቅጽሩ በር በኩል ወደ ውጭ አየች። ባንቺዓለም ከወይራው ሥር ቆማለች። ሳምንቱን አንድም ሰው አልጠራትም፤ አንድም አራስ ቤት አልገባችም። ንጹሕ ናት። ዛሬ መግባት ትችል ነበር፤ ማንም አይከለክላትም። ግን አልገባችም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ፣ ከወይራው ግንድ ጋር ተጣብቃ ቆማለች።

የሺእመቤት የእናቷን እጅ ለቀቀች። አባቷ ስትነሣ አዩዋትና ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፤ «ተዪ» ማለታቸው ነው። በአጠገባቸው ስታልፍ ነጠላዋን ያዝ ሊያደርጉ እጃቸውን አነሡ፤ ነገር ግን ሳይነኳት መለሱት። እሷም አልቆመችም።

ደምለው ከወንድሙ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጺሙ አድጓል። ቀና ብሎ ሲያያት ወዲያው አወቃት።

«ጋሼ ደምለው» አለች የሺእመቤት። ስሜነሽም እንድትሰማ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እትዬ ባንቺዓለም ምንም አላዘዙኝም። ተኝተው ነበር። መምጣትዎን አልሰሙም። ሞጣ ሄዳለች ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ ከራሴ ነው።»

የሚታደለው ንፍሮ ቆመ። ወንድሙ ከተቀመጠበት ተነሣ። ደምለው ግን እጁን ዘርግቶ ያዘውና ዓይኑን ከልጅቷ ላይ ሳይነቅል፣

«ለምን?» አላት።

የሺእመቤት ሌሊቱን ለብዙ ጥያቄ መልስ ስታዘጋጅ ነበር ያደረችው። ተገላግላለች ሲሉኝ ዳነች መስሎኝ ነው ልትል፣ ልጅ ነኝ ልትል፣ ይቅር ይበሉኝ ልትል ነበር። ሁሉም ጠፋባት።

«እትዬ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ይግቡ ብዬ» አለች።

ደምለው አንገቱን አዙሮ በቅጽሩ በር በኩል ወደ ወይራው አየ። ከዚያ የወንድሙን ክንድ ስቦ መልሶ አስቀመጠው። የሺእመቤትም አልሄደችም። ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠችና የሚላትን መጠበቅ ጀመረች።