ሃያ አምስት ዓመት ያልለቀቀኝ ክራሽ

«እማዬ፣ ክራሽ ኖሮሽ ያውቃል?» አለችኝ ልጄ፣ ሥራ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች።

የበሽታ ስም መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምንሽን ነው ያመመሽ?»

ሳቀች። «እንግሊዝኛ ነው እኮ። አንድ ሰው በጣም ደስ ይልሻል፣ ግን አትነግሪውም። ድምፁን ስትሰሚ ልብሽ ድው ድው ይላል። በቃ፣ እሱ ክራሽሽ ነው።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ከዚያ ይለቅሻል።»

አባቷን ከማግባቴ በፊት የያዘኝ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ያኔ ልብስ ስፌት ቤት ነበርኩ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ እተኩሳለሁ። የቤቱ ባለቤት አክስቱ ስለነበረች፣ ቀና ብለን መተያየት እንኳ እንፈራለን። የሚለኝን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ይጽፍልኛል፦ «እዚህ ጋ አጥብቢ»፣ «ሁለት ጣት ልቀቂ»። ጠመኔው እንፋሎት ሲነካው ስለሚጠፋ፣ ሳላነብ ካውያ አላነሳም።

አንድ ቅዳሜ ደንበኛ ቆሞ ሲያጣድፈኝ፣ ኮቱን ሳልገለብጥ ተኮስኩት። ገበሩን ገልጬ ሳይ ጽሑፉ ጠፍቷል። ጫፍ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታለች፦ «ትመጪያለሽ?»

ወዴት? መቼ?

ቀና ስል እያየኝ ነው። «አነበብሽው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

አክስቱ ዞር አለች። «ሳታነቢ ተኮስሽ» እንዳትለኝ ፈራሁ። «አነበብኩት» አልኩ።

ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ደግሜ አላየሁትም። ሰኞ ስገባ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለች አክስቱ፣ ቀና ሳትል።

ካውያው እንፋሎት በተፋ ቁጥር ያቺን ቃል አያታለሁ። ገበያ መሃል ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ተከትዬ ሄጃለሁ፤ ሲዞር ሌላ ነው። አሁንም የሆነ ቦታ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ዝናብ ሲጥል «በሰበሰ» እላለሁ።

«ማነው ታዲያ ያንቺው?» አልኳት።

«ፋርማሲ አብሮኝ የሚሠራው። ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሩት፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው።»

እንደ ልማዴ ክፉ ክፉው መጣብኝ። ሚስት ቢኖረውስ? ቢያታልላትስ? ለሰው ቢያወራባትስ?

«ንገሪው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው? ቢስቅብኝስ?»

«ይሳቅ። መሳቁን ታውቂያለሽ።»

ጉንጬን ስማኝ ወጣች። «መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝሽን እዪ» ሳልላት የወጣችው ያን ቀን ብቻ ነው።