የኋላው ወንበር ንፋስ

ጎረቤቴ የሻው መኪና ሲፈታ እጁ አይሳሳትም፤ በፍቅር ግን ገና ለማጅ ነው። የክሊኒክ ሠራተኞችን ከአሶሳ ሸርቆሌ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል።

ነርሷ ዐርዋ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው። ያላገባች ልጅ ከሹፌር ጎን ከታየች ወሬው ቀድሟት ቤቷ ይገባል። በመጋቢት ሙቀት ግን የኋላው ኤሲ ዝም አለ። ሌሎቹ መስኮት ከፈቱ፤ እሷን አቧራው ያስላታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«የፊቱም የኋላውም የሚሠራው ሞተሩ ጋ ባለው አንድ ኮምፕረሰር ነው። እሱ የሚጨምቀው ጋዝ በቱቦ ወደ ኋላ ይመጣል፤ እዚያ የራሱ ማቀዝቀዣና ፋን አለው። ቅዝቃዜው ከራስሽ በላይ ኮርኒሱ ውስጥ ደርሷል፤ የሚገፋው ፋን ነው የተቃጠለው።»

«ደርሶ ካልወጣ ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው ፊት ነይ።»

ለሳሏ ብላ ነውና ማንም አላማትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጎኑ ሆነች። ብዙም አያወሩም ነበር። እሱ በልማድ በመስታወቱ ወደ ኋላ ይፈልጋታል፤ ያጣታል፤ ዞር ሲል አጠገቡ ናት። ያን ጊዜ ሁለቱም መንገዱን ያያሉ።

አንድ እሑድ ደጃፌ ላይ የሚኒባሱን ኮርኒስ ፈታትቶ አዲስ ፋን ሲገጥም አገኘሁት።

«አንተ ልጅ፣ ወደ አንተ ያመጣትን ብልሽት ልትጠግነው ነው?»

«እትዬ ደግሞ! ሌላው በሙቀት ይለቅ? እሷም እንደ ልቧ ትቀመጥ።»

ሰኞ ጠዋት በኩራት አሳያት። «ማብሪያውን እኔ ከፊት እከፍትልሻለሁ፤ የንፋሱን መጠን አንቺ ከኋላ ትመርጫለሽ።»

እጇን ንፋሱ ላይ ዘረጋች። «ተሠራ ማለት ነው።»

«ተሠራ።»

ቦርሳዋን ከፊት ወንበር አነሳች። ሰው ሁሉ እያየ «እዚሁ ልሁን» አትል ነገር። እሱም «አትሂጂ» ማለት አቃተው። ሂጂልኝ ያላት መሰላት።

ክረምት ሲገባ ሌላ ወረዳ፣ ቶንጎ ተመደብኩ አለች፤ ራሷ ጠይቃ ነው ይባላል። የመጨረሻ ቀን ወርዳ በመስኮቱ በኩል ቆመች።

«የሻው፣ ለምን ሠራኸው?»

«እንዲመችሽ ብዬ።»

«ተመችቶኝ ነበር» አለችውና ሄደች።

በቀደም ከገበያ ስመለስ አግኝቶ ጫነኝ። ከፊት ተቀመጥኩ። ከኋላ ማንም የለም፤ ንፋሱ ግን ይነፍሳል።

«ኋላ ማን አለና ነው?» አልኩት።

ሊያጠፋው እጁን ሰደደ፤ ማብሪያው ጋ ሲደርስ መለሰው።

«ይሁን እትዬ» አለ፣ መስታወቱን እያየ።